ጂኤ ሆናችሁ ተቀጠራችሁ? ከሪፖርት እስከ ግሬድ ማስገባት፣ ደረጃ በደረጃ

የዩኒቨርሲቲ ቅጥር በወጣ ቁጥር ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይሞላል፦ «ጂኤ ሆኜ አልፌያለሁ፤ አሁን ምንድን ነው የማደርገው?» አንዱ ከሸዋ ሮቢት ይደውላል፣ አንዷ ከመሐል ሜዳ ትጽፋለች፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ለየብቻ ከመመለስ አንዴ ጽፌ ብገላገል ይሻላል።

የምጽፈው ደብረ ብርሃን ላይ ሆኜ ነው። የኬሚስትሪ ሰው ስለሆንኩ ምሳሌዬ ወደ ላብ (ላቦራቶሪ) ያደላል። አካውንቲንግ፣ ታሪክ ወይም ሕግ ያጠናችሁ ደረጃ 4ን ዘላችሁ ቀሪውን ያዙ።

ጂኤ (ግራጁዌት አሲስታንት) የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቀጠረ ጀማሪ መምህር ነው። ጂኤ 1 ትባላላችሁ፣ ቀጥሎ ጂኤ 2፣ ከዚያ ረዳት ሌክቸረር፣ ሁለተኛ ዲግሪ ስትይዙ ደግሞ ሌክቸረር። ሥራችሁ ላብ ማሠራት፣ ቲቶሪያል መስጠት፣ ማረም፣ ፈተና መጠበቅ፣ ኮርሱን የያዘውን መምህር ማገዝ ነው። መምህር ሲጠፋ ሙሉ ኮርስ የሚጣልባችሁ ጊዜም አለ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ)፣ ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ዝርዝር)፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ የባንክ ደብተር። ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ። ጉርድ ፎቶም አይርሳችሁ።
• ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ወፍራም ደብተር። ብጣሽ ወረቀት አይሆንም። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ይጠፋል።
• ሁለት ፍላሽ። አንዱ ለክፍል፣ ሌላው ለፈተናና ለማርክ ብቻ።
• ቀይ እስክሪብቶ፣ ካልኩሌተር፣ የራሳችሁ ማርከር፣ ቾክና ዳስተር። የክፍሉ ሰሌዳ ጥቁር ይሁን ነጭ ቀድማችሁ እዩ።
• ለላብ፦ ነጭ ጋውን፣ መከላከያ መነጽር፣ ጓንት፣ ቴርሞሜትር።
• ወፍራም ጃኬትና ጋቢ። ይሄን ቀልድ አታድርጉት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ውርጭ አለ፤ ከአረርቲ ወይም ከሸዋ ሮቢት ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያው ፈተና ብርዱ ነው።
• የአንድ ሁለት ወር የቤት ኪራይና የቀለብ ገንዘብ። አዲስ ተቀጣሪ ፔሮል ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ የፈተናውን ፍላሽ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ በጭራሽ አትሰኩ። ቫይረሱ ቀላሉ ነው። ፋይሉ እዚያ ከቀረ ፈተናው ወጣ ማለት ነው፤ ተጠያቂዎቹም እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 1፦ ወረቀታችሁን ጨርሱ

ሪፖርት በምታደርጉበት ቀን ጠዋት ሰው ሀብት ቢሮ ግቡ። የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ፣ የጡረታ ቅጽ ይጠየቃል። ሁሉም የየራሱ ሰልፍ አለው፤ ስለዚህ ረጅሙን አስቀድሙ። የሥራ መጀመሪያ ቀናችሁ የተጻፈበትን ደብዳቤ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ደሞዝ፣ የዓመት ፈቃድና የእርከን እድገት የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። ከደሞዛችሁ ላይ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል፤ የመጀመሪያው ደሞዝ ሲገባ አትደንግጡ።

ደረጃ 2፦ ሥራችሁን በጽሑፍ ተቀበሉ

ሄዱ (የዲፓርትመንቱ ኃላፊ) ኮሪደር ላይ አግኝቷችሁ «እስቲ ያቺን ላብ ያዝልኝ» ሊላችሁ ይችላል። በትሕትና እሺ በሉ፤ ግን ሎዱ (የተመደበላችሁ የማስተማር ሥራ) በደብዳቤ ወይም በኢሜይል እንዲደርሳችሁ ጠይቁ። አባባሉ ቀላል ነው፦ «እሺ ዶክተር፣ ለደብተሬ እንዲመቸኝ የኮርሱን ኮድና ሴክሽኑን በኢሜይል ይላኩልኝ።» ማንም አይከፋም።

ምክንያቱም ይሄ ነው። የመምህር ሎድ የሚቆጠረው በሳምንት በሌክቸር ሰዓት ተመዝኖ ነው፤ መደበኛው 12 ነው። የላብና የቲቶሪያል ሰዓት እንደ ሌክቸር ሙሉ አይቆጠርም። ስለዚህ በአካል ቀኑን ሙሉ ላብ ውስጥ ቆማችሁ በወረቀት ላይ ሎዳችሁ ሳይሞላ ሊታይ ይችላል። ከሎድ በላይ ሠርታችሁ ክፍያ ስትጠይቁም መጀመሪያ የምትጠየቁት ያንን ደብዳቤ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?

ሙሉ ኮርስ ከተሰጣችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አምና ኮርሱን ያስተማረው ሰው ማን ነው? ፈተናውን ከማባዛቴ በፊት የሚያይልኝ ሲኒየር መምህር ማን ነው? ብቻችሁን አትግቡበት።

ደረጃ 3፦ የኮርሱን ባለቤት ክፍል ከመግባታችሁ በፊት አግኙት

ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መልሱን ፊቱ ጻፉ። የምትጠይቁት ይሄን ነው፦

• ማርኩ እንዴት ይከፋፈላል? ኩዊዝ ስንት፣ ሚድ ስንት፣ ላብ ስንት፣ ፋይናል ስንት?
• የላብ ሪፖርት ቢዘገይ ስንት ይቀነሳል? ከስንት ቀን በኋላ ጭራሽ አይቀበሉም?
• የቀረ ተማሪ ሜክአፕ (ማካካሻ) ያገኛል? የሚፈቅደው ማን ነው፣ እኔ ወይስ እርስዎ?
• ተማሪ በማርክ ቅሬታ ካለው መጀመሪያ የሚሄደው ማን ጋ ነው?
• ኮርስ አውትላይኑ ለተማሪዎቹ ደርሷል?

ሦስተኛውና አራተኛው ጥያቄ ወርቅ ናቸው። ተማሪ ጎበዝ ነው፤ እናንተ «አይሆንም» ስትሉት ወደ ዋናው መምህር ይሄዳል። እሱ «ይሁን» ካለ ከዚያ በኋላ የምትሉት ሁሉ ዋጋ የለውም። ሁለታችሁ አስቀድማችሁ አንድ መልስ ካላችሁ ግን ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ደረጃ 4፦ ላቡን ቀድማችሁ ራሳችሁ ሥሩት

ማኑዋሉን ማንበብ አይበቃም። ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ከላብ ቴክኒሻኑ ጋር ገብታችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥሩት። ቴክኒሻኑ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ይበልጣችኋል፤ ጋሽ እገሌ ብላችሁ ጥሩት፣ እሷም ከሆነች እትዬ። የትኛው ሚዛን እንደሚዋሽና የትኛው ሶኬት እንደማይሠራ እሱ ነው የሚያውቀው። ዲግሪ አለኝ ብሎ ያኮረፈው ጂኤ ሴሚስተሩን ሙሉ የጎደለ ዕቃ ሲፈልግ ይኖራል።

ስትሞክሩት የምትመዘግቡት፦ ምን ያህል ደቂቃ ፈጀ፣ ለአንድ ቡድን ምን ያህል ኬሚካል ይበቃል፣ ምን ቁጥር አገኛችሁ። እናንተን 40 ደቂቃ ከፈጀባችሁ ለጀማሪ ተማሪ እጥፍ ያዙለት።

የእኛ አገር ከፍታና ብርድ ማኑዋሉ ላይ ያልተጻፈ ነገር ይጨምራል። ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ 100 ዲግሪ ላይ አይፈላም። ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው 90 ወይም 91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል። ኤታኖልም ማኑዋሉ 78 ቢልም እዚህ 70 አካባቢ ነው። ይሄን የማያውቅ ጂኤ ትክክል ያነበበውን ልጅ ማርክ ይቀንስበታል። ይባስ ብሎ 100 ብሎ የጻፈውን ይሸልማል፤ ያ ልጅ ግን ቴርሞሜትሩን አላየም፣ ከመጽሐፍ ነው የገለበጠው። የኮረጀ ሪፖርት ለመለየት ከዚህ የተሻለ ወጥመድ የለም። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ብትሠሩት ደግሞ ወደ 96 ይጠጋል፤ ለተማሪዎቻችሁ ጥሩ የውይይት ጥያቄ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ግላሻል አሴቲክ አሲድ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት። ከ16.6 ዲግሪ በታች ስለሚረጋ ነው። ጠርሙሱን ክዳኑን ትንሽ ላላ አድርጋችሁ፣ አየር በሚገባበት ቦታ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ቀስ እያለ ይቀልጣል። እሳት ወይም ሆት ፕሌት ላይ አታስቀምጡት፤ ትነቱ ይቀጣጠላል።

ሦስተኛ፣ ማኑዋሉ «በክፍል ሙቀት» ሲል 25 ዲግሪ ማለቱ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ከ30 ላይ የእኛ ላብ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ሪአክሽኑ ይዘገያል፤ ቀለሙ በ5 ደቂቃ ይለወጣል የተባለው ሳይለወጥ ተማሪው ተሳሳትኩ ብሎ ይደፋዋል። ግድግዳው ላይ ቴርሞሜትር ስቀሉ። የዕለቱን ሙቀት ሁሉም ሪፖርቱ ላይ እንዲጽፍ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ልጆቹ በብርዱ ጋቢና ነጠላ ተከናንበው ይመጣሉ። በር ላይ አስወልቃችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡላቸው። የነጠላ ጫፍ ለእሳት ምንም አይጠይቅም። ጫማው የተሸፈነ ይሁን፤ በሰንደል ማንም አይግባ። መስኮት መዝጋትም ይወዳሉ፤ አሲድ ወይም አሞኒያ በተከፈተበት ቀን ግን ይብረዳቸው፣ መስኮቱ ክፍት ይሁን። ፊዩም ሁዱ (ትነት ወደ ውጪ የሚስበው ሳጥን) መሥራቱን ደግሞ በወረቀት ፈትሹ፦ ብጣሽ ወረቀት አፉ ላይ ያዙ፣ ወደ ውስጥ ካልሳበው አይሠራም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲበጠበጥ አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ገልብጣችሁ ከጨመራችሁ ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። ፒፔት በአፍ መሳብም ክልክል ነው። ሰነፍ ተማሪ ሳይሆን ችኩል ተማሪ ነው የሚያደርገው፤ ዓይናችሁ ጎበዞቹም ላይ ይሁን።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለሕጉ ስጡት

ዩኒቨርሲቲዎች ጎበዝ ተመራቂያቸውን እዚያው ማስቀረት ይወዳሉ። ስለዚህ አምና ካፌ ሰልፍ ላይ አብሯችሁ የቆመ ልጅ ዘንድሮ ፊታችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከኋላ «አቦ አንተ ነህ እንዴ!» የሚል ድምፅ ብትሰሙ አትሳቁ፣ አትቆጡም። ሰላምታውን በጭንቅላት ተቀብላችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ። ከክፍል ውጪ ለብቻው «ውጪ ጓደኛሞች ነን፤ ክፍል ውስጥ ግን እንደ ሌላው ነው የማይህ» በሉት። አብዛኛው ይገባዋል። ካልገባው ሁለተኛ አትለማመጡት።

ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው፦ ስማችሁ፣ ቢሮ ቁጥራችሁ፣ ቢሮ የምትገኙበት ሰዓት፣ የማርክ ክፍፍሉ፣ የማስረከቢያ ቀናት። የክላስ ሪፑን (የክፍሉን ተወካይ) ስልክ ያዙ። የእናንተን ለሪፑ ብቻ ስጡ። ለሁሉም የሰጠ ሰው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ «ቲቸር፣ ማርኬ ስንት ነው?» የሚል መልእክት ሲያነብ ያድራል።

ቋንቋ ላይ አንድ ነገር አለ። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ ግን ከመላው አገር ነው የሚመደቡት። ፊት የተቀመጡት አማርኛ ሲሰሙ ፊታቸው ሲበራ አይታችሁ ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ አትግቡ። ከጎዴ ወይም ከነቀምት የመጣችው ልጅ አንዲት ቃል ላይገባት ይችላል፤ አፍራም አትናገርም። መጀመሪያ ቀለል ባለ እንግሊዝኛ አስረዱ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ቢያስፈልግ በአማርኛ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። የደኅንነት ሕግ ሲሆን ግን በምልክትም በሥዕልም ብላችሁ ለሁሉም መግባቱን አረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ ቲቶሪያል ሌክቸር አይደለም

ሪፑ ከአንድ ቀን በፊት ያልገባቸውን ጥያቄ ሰብስቦ ያምጣ። ከዚያ ውስጥ ሦስት ምረጡ። የመጀመሪያውን እናንተ ሰሌዳ ላይ ሥሩ፣ ሁለተኛውን እነሱ እየነገሯችሁ ጻፉ፣ ሦስተኛውን እነሱ ይሥሩ፤ እናንተ በየወንበሩ መሐል ዙሩ። የሚጠቅመው ሦስተኛው ነው። ልጁ የት ጋ እንደሚደናቀፍ የምታዩት ሲሠራ እንጂ ሲሰማ አይደለም።

የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ «አሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሐሙስ ይዤ እመጣለሁ» በሉ፤ ሐሙስም ይዛችሁ ሂዱ። ማንም አይንቃችሁም። የሚናቀው ጠመዝማዛ መልስ ሰጥቶ በማግስቱ የተያዘ ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከሆኑ ደግሞ የመውጫ ፈተና ጥያቄ ያመጣሉ። ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ለመመረቅ ግዴታ ስለሆነ ጭንቀታቸው የእውነት ነው፤ ከኮርሱ ጋር የሚገናኘውን ብቻ መርጣችሁ ሥሩላቸው።

ደረጃ 7፦ እርማት

ጂኤ ስሙን የሚያተርፈውም የሚያጠፋውም እዚህ ጋ ነው።

ሀ) ከማረማችሁ በፊት የማርክ መከፋፈያ ጻፉ። ለምሳሌ ጥያቄው ይሄ ይሁን፦ 25 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድን ገለልተኛ ለማድረግ 20 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቢፈጅ አሲዱ ስንት ሞላር ነው? መልሱ 0.08 ሞላር ነው። ከ5 ሲታረም፦ ለቀመሩ 1፣ ቁጥሩን በቦታው ለማስገባት 2፣ ለስሌቱ 1፣ ለአሃዱ 1። አሁን አንዷ ልጅ ቀመሩን በትክክል ጽፋ፣ 25ንና 20ን አቀያይራ 0.125 ሞላር ብላ መጣች። ቀመር 1፣ ማስገባት 0፣ ስሌቱ ባስገባችው ቁጥር ልክ ነው 1፣ አሃድ 1፤ በድምሩ 3። መከፋፈያ ባይኖራችሁ ጠዋት ስታርሙ 3፣ ማታ ሲደክማችሁ 1 ትሰጡ ነበር። ሁለቱ ልጆች ወረቀታቸውን አንድ ዶርም ውስጥ ያስተያያሉ፤ ነገ በራችሁ ላይ ናቸው።

ለ) በተማሪ ሳይሆን በጥያቄ እረሙ። የሁሉንም ጥያቄ 1 ጨርሱ፣ ከዚያ የሁሉንም ጥያቄ 2። እጃችሁ አንድ ዓይነት ሚዛን ይይዛል። ፈጣንም ነው።

ሐ) የስም ገጹን ወደ ኋላ እጠፉት። የምታውቁትን ልጅ ስም አይታችሁ እጃችሁ እንዳይላላ፤ የበጠበጣችሁን አይታችሁም እንዳይጠብቅ።

መ) መጀመሪያ አምስት ወረቀት አርማችሁ ለኮርሱ መምህር አሳዩ። ጠብቋል ወይም ላልቷል ካለ የምታስተካክሉት አምስት ነው፤ መቶ ካረማችሁ በኋላ ከሆነ ግን እግዜር ይርዳችሁ።

ሠ) ድምሩን ሁለት ጊዜ ደምሩ። ቅሬታ ከሚመጣባቸው ነገሮች ቀላሉ የድምር ስሕተት ነው፤ የሚያሳፍረውም እሱ ነው።

ረ) ኤክሴል ላይ ስትሞሉ በስም ሳይሆን በመታወቂያ ቁጥር ሙሉ። በአንድ ሴክሽን ስሙም የአባቱም ስም አንድ የሆነ ሁለት ተማሪ ብርቅ አይደለም፤ የእንግሊዝኛ አጻጻፉም በየዝርዝሩ ይለያያል። ያልተፈተነ ልጅ ቦታ ላይ ዜሮ አትሙሉ፤ «አልተፈተነም» ብላችሁ ጻፉ። ዜሮ ማለት ቀርቦ ምንም አላገኘም ማለት ነው።

ሰ) ማርኩን ግሬድ ሳይገባ አሳዩ። ወረቀታቸውን አይተው እንዲፈርሙ አድርጉ። ቅሬታ ያኔ በደቂቃ ያልቃል፤ ሬጅስትራር ከደረሰ በኋላ ግን ማመልከቻ፣ ኮሚቴ፣ ደብዳቤ ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ፈተና ስትጠብቁ

ከተማሪው ቀድማችሁ ድረሱ። ወንበሩን አራርቁ። ከሴክሽኑ ዝርዝር ጋር መታወቂያ አመሳክሩ፤ ሰው ለሰው መፈተን አለ። ስልክ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ፊት ለፊት ይሁን። ጋቢና ወፍራም ጃኬት ለአጤሬራ አመቺ ነው፤ በብርድ ግን ልጅ አታስወልቁ። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ጠረጴዛ ላይ ያድርግ፣ ይበቃል። ወንበር ይዛችሁ ስልክ አትጎርጉሩ፤ ከኋላ ቁሙ። ከኋላ የቆመ ፈታኝ የት እንደሚያይ ስለማይታወቅ ኩረጃው ይቀንሳል።

አጤሬራ ከያዛችሁ አትጩኹ። ወረቀቱን ውሰዱ፣ ሰዓቱን ጻፉበት፣ አብሯችሁ ያለው ፈታኝ ይየው፣ ቅጹ ላይ ሁለታችሁ ፈርሙ። የተማሪውን አካል በእጃችሁ አትፈትሹ፤ ሴት ተማሪ ከሆነች ሴት ባልደረባ ይጠራ። የፈተና ወረቀቱን ቀድዳችሁ አትጣሉ። የሚቀጣው ኮሚቴ ነው፣ እናንተ ምስክር ናችሁ። ማስረጃው ከጠፋ ጉዳዩ «ጂኤው ጠልቶኝ ነው» ወደሚል ይዞራል።

መልስ ወረቀቱን ስትሰበስቡ ቆጥራችሁ ከፈረሙት ተማሪዎች ቁጥር ጋር አስተያዩ። ማንም ከክፍሉ ሳይወጣ በፊት። አንድ ወረቀት ጎደለ ማለት ያኔ ካልተገኘ ፈጽሞ አይገኝም።

ደረጃ 9፦ ግሬድ

ግሬድ የሚያስገባው የኮርሱ ባለቤት ነው፤ ኮርሱ የእናንተ ከሆነ እናንተ። በተለመደው መለኪያ ከ90 ጀምሮ ኤ ፕላስ፣ ከ85 ኤ፣ ከ80 ኤ ማይነስ እያለ ይወርዳል፤ 50 ሲ ነው፣ 40 ዲ፣ ከዚያ በታች ኤፍ ኤክስ፣ ከ30 በታች ኤፍ። የራሳችሁን ተቋም ሰንጠረዥ አትማችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉ።

84.6 ያገኘ ልጅ ምን ይሁን? ይሄን ስሙን ካያችሁ በኋላ አትወስኑ። ነጥብ ወደ ላይ የሚጠጋጋ ከሆነ ከስንት ጀምሮ እንደሆነ ከመምህሩ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ከዚያ ለሁሉም በአንድ ቀመር ይሠራ። «ቲቸር፣ አንድ ማርክ ብቻ» ብሎ ቢሮ የመጣውን ብቻ ከፍ ካደረጋችሁ፣ አፍሮ ዶርሙ የቀረውን ዝቅ አደረጋችሁ ማለት ነው።

የጠቅላላ ማርኩን ዝርዝር አትማችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ አንድ ኮፒ ለራሳችሁ አስቀሩ። ሲስተም ላይ ስታስገቡ አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ይጻፍ። መብራት ሳይጠፋ ሴቭ በሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት

• ስጦታ መቀበል። አንድ ኪሎ ማርም ቢሆን። ሰጪው ምንም ባያስብ እንኳ ያየው ሌላ ተማሪ ያስባል።
• ለራስ ተማሪ በክፍያ ማስጠናት፣ ገንዘብ መበደር ወይም ማበደር። ማርክ የምትሰጡት ሰው ጋር ሒሳብ አይኑራችሁ።
• ተማሪ ቢሮ ሲመጣ በር መዝጋት። ክፍት ይሁን፤ ብርዱን በጃኬት ቻሉት። ከራስ ተማሪ ጋር ፍቅር መጀመር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ ሥራም ስምም ያስከፍላል።
• ማታ ከተማሪ ጋር ጠጅ ቤት መቀመጥ። ጠዋት ላብ ውስጥ «ጋውን ልበስ» ስትሉት ይስቃል።
• ከክፍል መቅረትን ለሪፑ ብቻ መናገር። ለሄዱም ጻፉ፤ የማካካሻውን ቀንም አብራችሁ።
• የአምናውን ፈተና መድገም። የአምናው ወረቀት ኮፒ ቤት ይሸጣል።
• ተማሪን በጎበዝ ተማሪ ማሳፈር፦ «እሷ እንኳን ሠርታዋለች» አይባልም። ልጁ ከዚያ በኋላ ጥያቄ አይጠይቃችሁም፤ ያልገባውን የምታውቁት ፋይናል ላይ ነው።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ

የታረሙ ወረቀቶችን ዲፓርትመንቱ በሚያዘው መሠረት አስረክቡ፤ ያስረከባችሁበትን ፊርማ ያዙ። የላብ ዕቃ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ቅጽ) ፈርማችሁ ከወሰዳችሁ በስማችሁ ነው ያለው፤ ለጓደኛ በቃል አታስተላልፉ። የተሰበረ ካለ በተሰበረበት ሳምንት ሪፖርት አድርጉ፣ ቴክኒሻኑም ይፈርም። ለሁለተኛ ዲግሪ ስትላኩ ተመልሳችሁ የምታገለግሉበትን ዘመን የሚናገር ውል ይሰጣችኋል። ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ከማስቸገራችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት። ከዚያ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ፊርማ) ለማስፈረም ትዞራላችሁ፤ ያኔ ከላይብረሪ መጽሐፍና ከስቶር አንድ ቴርሞሜትር የቀረበት ሰው ምዝገባው እስኪያልፍበት ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ይውላል።